የጣና ትንንሽ ዓሦች፦ ልጅ ናቸው ወይስ ራሳቸውን የቻሉ?

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ጣት የምታህል ብርማ ዓሣ ያየ ሰው «ይቺ የነጭ ዓሣ ልጅ ናት» ብሎ ያልፋል። እኛም ደብረ ማርቆስ፣ ከሐይቁ ርቀን፣ በብልቃጥ ያለችውን ስናይ እንደዚያው እንላለን። ነገር ግን ጣና ውስጥ አድገውም ከጣት የማይበልጡ ዓሦች አሉ።

እንዴት ይለያሉ? ሆዷ ሲከፈት የበሰለ እንቁላል ከተገኘ ልጅ ሳትሆን እናት ናት። እንቁላል ከሌለ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ወንድ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ አንድ ቅርፊት ነቅሎ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። የትልልቆቹ (ላቤኦባርበስ) ቅርፊት ላይ መስመሮቹ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ የትንንሾቹ ላይ እንደ ፀሐይ ጨረር ይበተናሉ። በክሮሞሶምማ ልዩነቱ የጉድ ነው፦ 150 ገደማና 50 ገደማ!

ትንንሾቹን እርስ በርስ መለየት ግን ይከብዳል። ቡለንገር በ1902 እ.ኤ.አ. ሁሚሊስንና ጎኗ ላይ ነጠብጣብ ያላትን ትሪስፒሎፕሌውራ ለየብቻ ሰየማቸው። በ2002 እ.ኤ.አ. እሸቴ ደጀንና ባልደረቦቹ ሲመረምሩ ሁለቱ አንድ ዝርያ ሆነው ተገኙ። በአንጻሩ ሁሚሊስን በጣም የምትመስል ሌላ ዓሣ በ2000 እ.ኤ.አ. ታናፔላጊየስ ተብላ ለብቻዋ ተመዘገበች። (የሁለቱም ወገን ስም ዛሬ ኤንተሮሚየስ ነው፤ የቆዩ መጻሕፍት ባርበስ ይላሉ።) እንግዲህ ነጠብጣብ አያታልለን። ታናፔላጊየስ ጢሟ አጭር ነው፤ የምትኖረው ከዳር ርቃ በክፍት ውኃ፣ ምግቧም ዙፕላንክተን ነው። ሁሚሊስ ዳር ዳሩን ትወዳለች፤ ነፍሳትም ትለቅማለች።

ታዲያ ምን ያደርግልናል? ከትልልቆቹ ስምንት ያህል ዝርያዎች ዓሣ በል ናቸው፤ ትንንሾቹ ቀለባቸው ናቸው። ትንንሾቹን ለገበያ እናጥምድ የሚል ሐሳብ ደግሞ በጥናት ሲነሣ ቆይቷል። በእኔ አስተያየት በጠባብ መረብ የወጣው ሁሉ «ትንሽ ዓሣ» ተብሎ በአንድ ላይ ከተመዘነ፣ የትኛው ዝርያ እየተመናመነ እንደሆነ፣ ስንት የነጭ ዓሣ ልጅም አብሮ እንደ ሄደ ማንም አያውቅም።

ለጓደኞቼ አንድ ነገር ላሳስብ፦ ናሙና ስትይዙ ከዳር ወይስ ከመሀል እንደ ተያዘ፣ ጥልቀቱንም ጭምር፣ በወረቀት ጽፋችሁ ብልቃጡ ውስጥ ክተቱ። በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል።