ባጃጅህን አታክብዳት

በትከሻህ በኩል አየሁት፤ ስልኩን አትደብቅ። ጣሪያ የሌላት ቀይ ማዝዳ ናት፣ ኤምኤክስ-5 የሚሏት። ደጅ የቆመችውን ባጃጅህን እሷን ላስመስላት እያልክ እንደሰነበትክ እማዬ ነግራኛለች፦ ጣሪያውን ቆርጦ ማንሳት፣ ሰፋፊ ጎማ ማስገባት፣ ከኋላ ሁለት ትልልቅ ስፒከር፣ ከፊት በሰልፍ የተደረደረ መብራት። መውደድህን አልቃወምም። አሶሳ ላይ ባጃጅ ስይዝ እኔንም ደስ የሚለኝ በጎን የሚገባው ንፋስ ነበር፤ ዛሬም አልሰለቸኝም። ግን አንተ ሸርቆሌ ወርደህ እንጀራ ልትበላባት ነው። ስለዚህ ብረት ከመቆረጡ በፊት ስማኝ።

መጀመሪያ ያቺን ማዝዳ በደንብ እያት። እ.ኤ.አ. በ1989 ቺካጎ ላይ ለሕዝብ ስትቀርብ 1.6 ሊትር ሞተር ብቻ ነበራት፤ በጉልበት የሚበልጧት ብዙ ነበሩ። ሰው የወደዳት አንድ ሺህ ኪሎ ስለማትሞላ ነው፤ መሪውን ነካ ስታደርገው ትታዘዛለች። ከሷም በፊት ኮሊን ቻፕማን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1957 ሎተስ ሰቨንን ሲያወጣ በር እንኳ አላበጀላትም። የማያስፈልገውን ሁሉ አስወጥቶ የቀረውን ነው መኪና ያለው። እነዚህ ሰዎች የሚያምረውን መኪና ያገኙት በመቀነስ ነው። አንተ በወረቀት ላይ የጻፍከው ሁሉ ግን ጭማሪ ነው።

ባጃጅህም እኮ በመቀነስ የተሠራች ናት። ጣሊያኖች ከጦርነቱ በኋላ ነዳጅም ብረትም ባጠራቸው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ ከቬስፓ ሞተር ሳይክል ላይ ተነስተው አፔ የምትባል ባለሦስት እግር ሠሩ። የህንዱ ባጃጅ ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ መሥራት የጀመረ ኩባንያ ነው። ያንተዋን ብታያት 200 ሲሲ የማይሞላ ሞተር ከኋላ፣ ባለ 8 ኢንች ቸርኬ፣ የሸራ ጣሪያ፣ ክፍት ጎን አላት። በዚህች ትንሽ ሞተር ሦስት ተሳፋሪ ከነሾፌሩ ዳገት የምታወጣው ቀላል ስለሆነች ብቻ ነው። የጫንክባት እያንዳንዱ ኪሎ ከዳገቱ፣ ከፍሬኑና ከነዳጁ ላይ ይቆረጣል።

ጣሪያውን ተወው። የጣሪያው ብረት የፊቱን መስታወትና የኋላውን አካል አያይዞ የሚይዝ ነው፤ ከተቆረጠ አካሏ ይላላል፤ ኮረኮንቹም ብየዳዎቹን አንድ በአንድ ይፈታቸዋል። ጣሪያ የሌላቸው መኪኖች የሚጸኑት ወለላቸውና ከበሩ በታች ያለው ብረታቸው ከጅምሩ ጠንክሮ ስለተሠራ ነው። ደግሞስ የሸርቆሌ ፀሐይ በየካቲትና በመጋቢት ምን እንደሆነ እያወቅህ እናት ከነልጇ ጥላ በሌለው ወንበር ላይ ልታስቀምጥ ነው? ከግንቦት እስከ ጥቅምት ደግሞ ዝናቡ አለ። ገንዘብ ማውጣት ካማረህ ያረጀውን ሸራ በአዲስ ቀይር፤ በሁለቱም ጎን ተጠቅልሎ የሚወጣ የላስቲክ መጋረጃ አሰፋለት። እሱን ሸርቆሌ ላይ ተሳፋሪ ሁሉ ያመሰግንሃል።

ሰፋፊውንም ጎማ አልወድልህም። ትልቅ ጎማ ስታስገባ ማርሾችህ ሁሉ ይረዝማሉ፤ በሁለተኛ የምትወጣውን ዳገት በአንደኛ ትወጣዋለህ፤ ያው ፍሬን ትልቁን ጎማ ለማቆም ይቸገራል፤ ባጃጇም ከፍ ብላ ትቆማለች። ከፍ ማለቷ ደግሞ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብለህ ስማኝ።

ባጃጅ ፊቷ አንድ እግር፣ ኋላዋ ሁለት ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ እግሮቿ ሲቀርብ ሰፊ መቆሚያ አላት፤ ወደ ፊት ሲሄድ መቆሚያዋ እየጠበበ ይመጣል። ኩርባ ውስጥ ገብተህ ፍሬን ስትረግጥ ክብደቱ ወደዚያች አንዲት የፊት ጎማ ይንደረደራል፤ መዞሩ ደግሞ ወደ ውጭ ይገፋታል። ሁለቱ ሲገናኙ በውስጥ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ከመሬት ይነሳል። እንግዲህ ፍሬንህን ከኩርባው በፊት ጨርስ፤ መሪው ገና ቀጥ ብሎ ሳለ። ማርሹንም እዚያው ቀንስ። ኩርባው ውስጥ ጋዙን ሳታበዛ፣ ድንገትም ሳትለቅ፣ እንደያዝክ ውጣ። ይህን እጅህና እግርህ እስኪለምዱት ድረስ ባዶ ሜዳ ላይ ተለማመደው፤ ተሳፋሪ ጭነህ የሚማሩት ነገር አይደለም።

ሾፌር ጎን ሰው አታስቀምጥ የምልህም ለዚሁ ነው። ሁሉም ያደርገዋል፣ አውቃለሁ። የጎን ሰው ግን ክብደቱን ወደ ፊት፣ መቆሚያው ወደሚጠብበት ይወስደዋል፤ ጉልበቱም መሪህን ይይዝብሃል። ማንጎ ሲደርስ በጆንያ ጣሪያ ላይ ጫንልኝ የሚልህ ይበዛል፤ ፖርቶባጋሊ አስበይድ የሚልህም አይጠፋም። ጆንያው ወለሉ ላይ፣ ከተሳፋሪ እግር ሥር ከገባ ይግባ፤ ካልገባ ለአይሱዙ የሚሆን ጭነት ነው። የውሃ ጀሪካንም እንዲሁ፤ 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ ጣሪያ ላይ ሲሆን ኩርባ ላይ ባጃጇን ያዘነብላታል።

መንገዱ እንደምታውቀው ነው። ከአሶሳ በሆሞሻ በኩል እስከ ሸርቆሌ የስደተኞች ጣቢያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን ከአሶሳ ወደ ቆላው የሚወርድ መንገድ ነው። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ልቆጥብ ብለህ በፎሌ እንዳትወርድ፣ የእናቴ ልጅ፣ በዚህ ብቻ እሺ በለኝ። በወጣህበት ማርሽ ውረድ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል። በፎሌ ከወረድክ ሥራው ሁሉ የፍሬኖቹ ይሆናል፤ ትንንሾቹ ከበሮዎች ሲግሉ የፍሬን ሸራው መያዝ ያቆማል፤ ፔዳሉን ብትረግጥም አይሰማህም። ወንዝ ካቋረጥክ በኋላም እንደዚያው ነው። ሸራው ሲርስ አይዝም። ስለዚህ ውሃውን እንደወጣህ ቀስ እያልክ ፍሬኑን ደጋግመህ በስሱ ንካው፣ እስኪደርቅ። ውሃው ከቸርኬው መሃል ካለፈ ግን አትግባ፤ ተሳፋሪው ቢቆጣም ቆመህ ጠብቅ። የክረምት ጅረት በመጣበት ፍጥነት ይጎድላል።

ሌላው መኪና የማያውቀው፣ የባጃጅ ብቻ የሆነ ችግር ደግሞ አለ። አይሱዙዎቹ ቀዩን ጭቃ ሁለት ቦይ አድርገው ያርሱታል፤ አራት እግር ያለው በሁለቱ ቦይ ይሄዳል። ያንተ የፊት ጎማ ግን መሃል ላይ ነው፤ ድንጋዩና ሣሩ ባለበት ጉብታ ላይ። የኋላ እግሮችህም ከአይሱዙው ስለሚጠቡ አንዱ ቦይ ውስጥ ሲገባ ሌላው ጉብታው ላይ ይቀራል፤ ባጃጇም ታዘነብላለች። ጠርዝ ጠርዙን ያዝ። ማለፊያ ካጣህ ተሳፋሪውን አውርድና ባዶዋን በአንደኛ፣ በእርምጃ ፍጥነት አሻግራት። ወንዶቹ ይገፉልሃል፤ በዚያ መንገድ ላይ ባጃጅ መግፋት ማንም አያፍርበትም።

ወደ ሞተሩ ልምጣ። በበጋ ገዳዩ አቧራው ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ ሲቃጠል ደግሞ አመዱ ይጨመርበታል። ፊልትሮውን መጽሐፉ ከሚለው ቶሎ ቶሎ እየከፈትክ እይ። የወረቀት ከሆነ አራግፈው እንጂ አትጠበው፤ ከጠቆረ ይቀየር። የስፖንጅ ከሆነ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ጥቂት ዘይት ተቀብቶ ይመለሳል። ፊልትሮ አውጥተህ ንዳት፣ ትጎትትልሃለች የሚልህ ሰው ይመጣል። ለጥቂት ቀን እውነቱን ነው። ከዚያ በኋላ አቧራው ፒስተኑንና ፋሻውን ይልጋቸዋል፤ ዘይት መብላት ትጀምራለች፤ ሰማያዊ ጭስ ታያለህ።

ከአዲስ አበባ የመጣች ባጃጅ ስለሆነች አንድ ነገር ልጨምርልህ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፤ እዚያ ያሉ ሜካኒኮች ካርቡራተሩን ለዚያ አየር አስተካክለው ቤንዚኑን ይቀንሱለታል። አሶሳ 1,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሸርቆሌ ደግሞ ከሷም ዝቅ ይላል። አየሩ እየወፈረ ሲሄድ ያው ቤንዚን ያንሰዋል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል። ሙቀቱ ላይ ሙቀት ማለት ነው። ካንዴላውን ፍታና ጫፉን እይ፦ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ ከነጣ ቤንዚኑ አንሶታል፣ ካርቡራተሩን አስተካክልልኝ በል፤ በጥላሸት ከጠቆረ በዝቶበታል ወይም ፊልትሮው ታፍኗል። ይህን ራስህ ማየት ከቻልክ ማንም ሜካኒክ ያልተበላሸ አይቀይርብህም።

ሞተሯ የሚበርደው በአየር መሆኑንም አትርሳ። ጭቃ በፊኖቹ መሃል ደርቆ ከቀረ ብርድ ልብስ እንደለበሰች ቁጠረው። ማታ ማታ፣ ከቀዘቀዘች በኋላ፣ እጠብላት፤ ስትግል ውሃ አታፍስባት። ከኋላ የአየር መግቢያውንም በጆንያ አትድፈነው። ዘይቱ ለሞተር ሳይክል የተሠራው 20 ደብሊው 50 ይሁን፤ ፍሪሲዮኑ እዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ ለሌላ ሞተር የተቀመመ ዘይት ያንሸራትተዋል። በየጠዋቱ ሳትነሳ፣ ሜዳ ላይ ቆማ፣ መጠኑን እይ። ትንሽ ሞተር የሚይዘው ዘይት ጥቂት ነው፤ ትንሽ ቢጎድል ብዙ ጎደለ ማለት ነው።

ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድ ከመንገድ ዳር መግዛትህ አይቀርም፤ ሁላችንም አድርገነዋል። ቢያንስ ጠርሙሱን ለብርሃን አንስተህ እይ፤ ውሃ ካለበት ከሥር ተለይቶ ይታያል። ስትቀዳ በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው።

ስለ ስፒከሩ። ባጃጅ የምታመነጨው ኤሌክትሪክ ጥቂት ነው፤ ባትሪዋም ትንሽ ነው። ትልቅ አምፕሊፋየር ከጫንክ ማታ ላይ መብራቱ ይፈዛል፣ ጠዋት አትነሳም። በስስ ሽቦ እየጠለፉ የሚገጥሙት ደግሞ ይግላል፤ ቤንዚን ታንከር ያለበት ዕቃ መሆኑን አስብ። ትንሽ ሬዲዮ፣ በራሱ ፊውዝ፣ ይበቃሃል። ለመብራት ኤልኢዲ አምፑል ጥሩ ነው፣ ብዙ ኤሌክትሪክ አይበላም። ግን አንድ፣ ወደ መሬት የተቃና ይሁን። በዚያ መንገድ ሲመሽ በእግሩ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው፦ ከወርቅ አጠባ የሚመለሱ፣ እንጨትና ውሃ የተሸከሙ ሴቶች፣ ወደ ጣቢያው የሚገቡ ስደተኞች። ሸርቆሌ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተ ቦታ ነው፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ወዲህ ደግሞ በኩርሙክ በኩል ብዙ ሺህ ሕዝብ ወደዚህ ዞን ገብቷል። ሸክም የያዘች ሴት ዓይኗ ላይ መብራት ሲበራባት መንገዱን ትስታለች። ብዙዎቹ ከጦርነት የመጡ ናቸው፤ ከኋላቸው ቀረብ ብለህ ክላክስ አታጩኽባቸው። ራቅ ብለህ አንዴ ነካ አድርግና ቀስ ብለህ እለፍ።

ከየቀኑ ገቢህ መጀመሪያ የዘይትና የጎማ ድርሻ ለይተህ ለእማዬ ስጣት፤ እሷ ጋ ያለ ብር አይነካም። ወንበር ሥር ክሪክ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ አንድ ትርፍ ካንዴላ፣ ከመነዳሪና የፍሪሲዮን ገመድ ይኑርህ፤ ከሆሞሻ ወዲያ መለዋወጫ እንደልብ አታገኝም። ቦሎና ሦስተኛ ወገን ሳይኖርህ ከአሶሳ አትውጣ።

አሁን ያንን ስልክ አስቀምጥና ፒንሳውን አቀብለኝ። ዛሬ የኋላ ከበሮዎቹን ከፍተን የፍሬን ሸራውን እናያለን። ከሳሳ ለስፒከር ያጠራቀምከው ብር መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ላይ ነው፤ በሁለቱም ጎን አንድ ላይ ይቀየራል፣ አንዱ ብቻ ከተቀየረ ወደ አንድ ወገን ትጎትታለች።