«ወላጅ አምጣ!»

በትምህርት ቤታችሁ የፀረ ኤድስ ክበብ የምትሳተፉ ልጆች ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየሄዳችሁ ድራማና ጥያቄና መልስ እንደምታቀርቡ አውቃለሁ። የመተላለፊያና የመከላከያ መንገዶችን ማስተማሩን ትችሉበታላችሁ። ከዚያ በፊት መቅደም ያለበት ግን አንድ ጉዳይ አለ፦ ስለ ቤተሰብ ምን እንንገራቸው?

ሰሌዳ ላይ «ቤተሰብ» ሲባል አባት፣ እናት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ይሳላሉ። በቃ! እኔ በተማርኩት በሶሺዮሎጂ ይሄ «ኑክሌር ቤተሰብ» ይባላል፤ ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ነው። ለነገሩ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፣ ሰፈራችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። አያቱ የምታሳድገው አለ። እናቱ ብቻዋን ጉሊት ቸርችራ የምታስተምረው አለ። እናቱ ለሥራ ቤይሩት ሄዳ አክስቱ ጋ የሚኖር፣ የእንጀራ አባት ያለው፣ በማደጎ የሚያድግ፣ ታላቅ እህቱ እናትም አባትም የሆነችለት አለ። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ እናትና አባት መድኃኒታቸውን በአግባቡ እየወሰዱ የሚያሳድጉትም አለ። ነፃው የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና በአገራችን በ1997 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት ሁለቱንም ወላጆቻቸውን ያጡ ብዙ ልጆች ነበሩ።

በሥራዬ ያገኘሁት አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣ አርፍዶ በመምጣቱ «ወላጅ አምጣ!» ተብሎ ተመለሰ። ልጁ ከዚያ በኋላ አራት ቀን ትምህርት ቤት አልሄደም። አያቱን ፈርቶ እንዳይመስላችሁ። እሳቸው እንጀራ እየሸጡ የሚያሳድጉት፣ የሚሳሱለት ሴት ናቸው። የፈራው የክፍሉን ልጆች ነው። አያቱ ሲመጡ «እናትህስ?» ይሉታል፤ ቀጥለው ደግሞ «በምን ሞተች?» ይሉታል። በአምስተኛው ቀን እኔና አያቱ ይዘነው ሄድን። የክፍል ኃላፊው ነገሩ ሲገባቸው ከዚያን ቀን ጀምሮ «ወላጅ» ማለቱን ትተው «አሳዳጊ» ማለት ጀመሩ። አንዲት ቃል ናት፣ ግን ልጁ ተመለሰ።

«በምን ሞተች?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ግን ልጁን የሟች እናቱን ምስጢር፣ አንዳንዴም የራሱን የጤና ሁኔታ እንዲያወጣ ያስገድደዋል። ዘጠኝ ዓመት ለሞላው ልጅ ይህ ከባድ ነው። ደግሞ ሕፃናቱ ከራሳቸው አላመጡትም። «ሴት ያሳደገው»፣ «ዲቃላ» የሚሉትን ስድቦች ከማን ሰሙ? ከእኛው ነው።

ከንፈር መምጠጥስ? እውነቱን ለመናገር እኔን ከስድቡ ይልቅ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ደብተር ለማደል ተብሎ «ወላጅ የሌላችሁ እጃችሁን አውጡ» ሲባል አይቻለሁ። ደብተሩ ሁለት ወር ያገለግላል፣ እጁን ሲያወጣ ያየው የክፍል ጓደኛ ግን እስከ ስምንተኛ ክፍል አይረሳውም። እርዳታ ካለ በአሳዳጊው በኩል፣ በጸጥታ ይሰጥ።

ታዲያ እንዴት እናስተምር? «እናትህ ማናት?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ማታ ማን ያበላሃል? ስትታመሚ ጤና ጣቢያ ማን ይወስድሻል? የቤት ሥራ ማን ያሳይሃል?» በሉ፤ መልሱን ይሳሉት። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ መለጠፍ የሚፈልግ ይለጥፍ፣ የማይፈልግ ደብተሩ ውስጥ ያስቀምጥ። ምሳሌ ስትፈልጉ ክፍሉ ውስጥ ያለ ልጅ አትጥሩ፤ ራሳችሁ ተረት ፍጠሩ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሁሉንም ዓይነት ቤተሰብ እናክብር ማለት በቤት ውስጥ የሚፈጸመውን ሁሉ እንቀበል ማለት አይደለም። አንድ ልጅ እንደሚደበደብ ወይም ምግብ እንደሚከለከል ከነገራችሁ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ፣ ለሚታመን መምህር ንገሩ።

«ይሄ የፈረንጅ ትምህርት ነው» የሚላችሁ ካለ፣ የኦሮሞን ጉዲፈቻ አስታውሱት። ያልወለዱትን ልጅ እንደ ወለዱት አድርጎ ማሳደግ እዚሁ የኖረ ባህል ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም የጉዲፈቻን ልጅ እንደ አሳዳጊው ልጅ ይቆጥረዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ደግሞ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት እንዳለው ደንግጓል። ይህን ለሦስተኛ ክፍል አትተንትኑ፣ ለእናንተ ነው።

ከልጆቹ መካከል አንዱ «ታዲያ እውነተኛ እናቱ የቷ ናት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አትደንግጡ። «የወለደችውም እናቱ ናት፣ የምታሳድገውም እናቱ ናት። ማንን እማዬ እንደሚል እሱ ራሱ ያውቃል» በሉትና ወደሚቀጥለው ሥዕል እለፉ።