ተውኔትን ወደ ፊልም መመለስ

ተውኔት በመድረክ እንዲታይ የሚጻፍ ድርሰት ሲሆን፥ ታሪኩን ይበልጡን የሚነግረን በቃለ ተውኔት ነው። ፊልም ግን ይበልጡን በምስል ይናገራል። ስለዚህ ተውኔትን ወደ ፊልም የሚመልስ ደራሲ በምስል ሊተካ የሚችለውን ንግግር ሊቀር ከማይገባው ንግግር መለየት አለበት።

በሕንድ አገር ጉራጃዳ አፓራኦ በቴሉጉ ቋንቋ የደረሰው «ካንያሱልካም» እ.ኤ.አ. በ1892 በመድረክ ታየ። ርእሱ «ለሙሽራ የሚከፈል ዋጋ» ማለት ነው። አንድ አባት ትንሽ ልጁን ገንዘብ ተቀብሎ ለሽማግሌ ሊድር ይነሣል። አጎቷ ግን ወንድ ደቀ መዝሙሩን የሴት ልብስ አልብሶ ለሽማግሌው ይድርለታል። ተመልካቹ ይሥቃል፤ ሣቁ ሲበርድለት ግን ልጆች እንደ ዕቃ መሸጣቸውን ያስተውላል። ይህ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1955 ፊልም ሆነ።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱት የሞልየር «የፌዝ ዶክተር»ም ከዚህ ይቀራረባል። አባቷ ለሀብታም ሊድራት ያሰበ ልጃገረድ ዲዳ መስላ ዝም ትላለች። አንደበቷ ሲፈታም ከምትወደው በቀር ሌላ ባል እንደማታገባ ትናገራለች። ዝምታዋን ምስል ሊያሳይ ይችላል፤ እምቢታዋ ግን በቃል መሰማት አለበት።

ቀጥሎ ያለውን ምሳሌ አስተውሉ።

ሀ. በተውኔት
ልጂቱ፦ የሸዋ ሮቢትን ሙቀት ትቼ፥ የጣርማ በርን ዋሻ በጉም ውስጥ አልፌ መጣሁ። የማላውቀውን ሰው አላገባም!

ለ. በፊልም
መኪናው ከቈላው ተነሥቶ ዳገቱን ይወጣል። ልጂቱ ብርድ ሲሰማት ነጠላዋን ትደርባለች። መኪናው ከጨለማው ዋሻ ገብቶ በጉም መካከል ይወጣል። ከአባቷ ፊት ስትደርስ፥ «የማላውቀውን ሰው አላገባም!» ትላለች።

በ«ሀ» ልጂቱ ስለ ራሷ ስለምትናገር «መጣሁ» የሚለው ግስ አንደኛ መደብ፥ ኀላፊ ጊዜ ነው። በ«ለ» ግን ድርጊቱ ከዐይናችን ፊት እንደሚፈጸም ሆኖ ስለሚጻፍ «ይወጣል»፥ «ትደርባለች» የሚሉት ግሶች ሦስተኛ መደብ ሆነዋል። ጉዞው ወደ ምስል ተለወጠ፤ የልጂቱ ፈቃድ የሚገለጥበት ቃል ግን አልተነካም። ይህ ቃል ቢቈረጥ ልጂቱ በሌሎች ፈቃድ የምትጓዝ ዕቃ መስላ ትቀር ነበር።

መልመጃ
1. በ«ለ» ውስጥ የሚገኙትን ግሶች አውጥታችሁ መደባቸውን ግለጹ።
2. አባትየው ለልጂቱ የሚሰጣትን መልስ በአምስት መስመር ቃለ ተውኔት ጻፉ።
3. የጻፋችሁትን ወደ ፊልም መልሱ። የትኛውን ንግግር በምስል እንደተካችሁና የትኛውን ለምን እንዳስቀራችሁ በአንድ አንቀጽ አስረዱ።