ገበጣና ሒሳብ

ገበጣን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። በልጅነቱ ከብት ሲጠብቅ መሬት ምሶ፣ ጠጠር ለቅሞ ያልተጫወተ ሰው ጥቂት ነው። ጠጠር ሲጠፋ የፍየል በጠጥም ይበቃል። ባቄላም ይሆናል። በአንዳንድ ቤት ደግሞ ከእንጨት የተፈለፈለ ገበጣ ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ ይኖራል። ስለዚህ ይህ ትምህርት ገበጣን ለማስተማር አልተጻፈም። በጨዋታው እናንተ ትበልጡኛላችሁ። እኔ ላሳያችሁ የፈለግሁት በገበጣ ውስጥ ያለውን ሒሳብ ነው።

ነገሩ የጀመረው በማታው ትምህርት ላይ ነው። በሰሌዳው ላይ 13 - 4 ብዬ ጻፍኩ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። «አባባ፣ እስቲ ይህን ይሞክሩት» አልኳቸው።

«ተወኝ ልጄ» አሉኝ። «ፊደሉን ለየሁ። ስሜን ጻፍኩ። ይበቃኛል። ቁጥር የልጅ ጭንቅላት ይፈልጋል። የእኔ ደንድኗል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አላስጨነቅኋቸውም።

እሑድ ዕለት እኒሁ ሽማግሌ ከዋርካው ሥር ከጎረቤታቸው ጋር ገበጣ ሲጫወቱ አገኘኋቸው። «ና አስተማሪ፣ ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ሦስት ጊዜ ተጫወትን። ሦስቱንም ጊዜ ተሸነፍኩ። ያውም ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የተማርኩ ሰው ነኝ!

የገበጣ ሕግ ከአገር አገር ይለያያል። ሁለት ረድፍ ያለው አለ፣ ሦስት ረድፍ ያለውም አለ። በዚያ ዋርካ ሥር የተጫወትነው ባለ ሁለት ረድፉን ነው። በየረድፉ 6 ጉድጓድ አለ። ሁለት ጊዜ 6፣ 12 ጉድጓድ ይሆናል። በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ይገባል። 12 ጊዜ 4፣ 48 ጠጠር ነው። ተጫዋቹ ከራሱ ረድፍ አንዱን ጉድጓድ መርጦ ያሉትን ጠጠሮች በሙሉ ያነሣል። ከዚያ ወደ ቀኝ እየሄደ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ይዘራል። የራሱ ረድፍ ሲያልቅ ወደ ባላጋራው ረድፍ ይሻገርና ዞሮ ይመለሳል። የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ባልሆነ ጉድጓድ ላይ ካረፈ፣ በዚያ ያለውን ሁሉ አንሥቶ መዝራቱን ይቀጥላል። ባዶ ላይ ካረፈ ተራው ያበቃል። ያ ባዶ ጉድጓድ በራሱ ረድፍ ከሆነ ግን ያረፈችውን ጠጠርና ከፊት ለፊቷ በባላጋራው ጉድጓድ ያለውን ሁሉ ይበላል። በመጨረሻ ከ24 በላይ የበላ አሸናፊ ነው። የእናንተ ሰፈር ሕግ ሌላ ከሆነ ቅር አይበላችሁ፤ ለዛሬ በዚህ እንስማማ።

በመጀመሪያው ጨዋታ «እንግዳ ይጀምር» ተባልኩና ከዳር ካለው ጉድጓድ ተነሣሁ። ዘርቼ ዘርቼ 2 ጠጠር በላሁ። ደስ አለኝ። በሁለተኛው ጨዋታ ግን እርሳቸው ጀመሩ። ከዳር ሳይሆን ከዳር ቀጥሎ ካለው ተነሡ። በአንድ ተራ 7 ጠጠር በሉ።

«ለምን ከዚያኛው ተነሡ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ከዳር የተነሣ ሁለት ይበላል። ከቀጥሎው የተነሣ ሰባት ይበላል።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል! እረኛ ሳለሁ ቆጠርኩታ።»

ይኸን ጊዜ ጭራሮ አነሣሁና በጉድጓዶቹ አጠገብ አፈሩ ላይ ቁጥር ጻፍኩ። እናንተም እንዲህ ጻፉ፦

የባላጋራ ረድፍ፦ 12 11 10 9 8 7
የእናንተ ረድፍ፦ 1 2 3 4 5 6

አሁን የሽማግሌውን አነሣሥ በጣታችሁ ተከተሉ። ከ2ኛው ጉድጓድ 4 ጠጠር አነሡ። በ3፣ በ4፣ በ5 እና በ6 ዘሩ። 6ኛው 4 ነበረው፣ አሁን 5 ሆነ። አምስቱን አንሥተው ከ7 እስከ 11 ዘሩ። 11ኛውም 5 ሆነ። እነዚያን አንሥተው በ12፣ በ1፣ በ2፣ በ3 እና በ4 ዘሩ። 4ኛው 6 ደረሰ። ስድስቱን አንሥተው ከ5 እስከ 10 ዘሩ። 10ኛውም 6 ሆነ። እነርሱን አንሥተው በ11፣ በ12፣ በ1፣ በ2፣ በ3 ዘሩና የመጨረሻዋ ጠጠር 4ኛው ላይ አረፈች። 4ኛው ቀደም ብሎ ስለተነሣ ባዶ ነበር። ከፊት ለፊቱ 9ኛው ጉድጓድ አለ። በ9ኛው ውስጥ 6 ጠጠር ነበር። 6 እና 1፣ 7።

እጃቸው የዘራውን እንደምር። 4 + 5 + 5 + 6 + 6 = 26። ጉድጓዱ 12 ነው። ሁለት ጊዜ ሲዞሩት 24 ጠጠር ያልቃል። 2 ይተርፋል። ለዚህ ነው ከ2ኛው የተነሣው እጅ ሁለት ጉድጓድ አልፎ 4ኛው ላይ ያረፈው። እኔም ከ1ኛው ተነሥቼ 3ኛው ላይ ያረፍኩት በዚሁ ምክንያት ነው። የእኔ ዕዳ ከ3ኛው ፊት ለፊት ባለው በ10ኛው ጉድጓድ አንዲት ጠጠር ብቻ መኖሯ ነው። 10ኛው በመካከል ተነሥቶ ነበርና።

ሽማግሌው አፈሩ ላይ የጻፍኩትን ቁጥር ዝም ብለው አዩ። ከዚያ በጣታቸው እያመለከቱ፣ «1 ከ12 ጋር። 2 ከ11 ጋር። 3 ከ10 ጋር። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ 13 ናቸው እኮ!» አሉ። እውነታቸውን ነው። ፊት ለፊት ያሉ ጉድጓዶች ምንጊዜም አንድ ላይ 13 ናቸው።

«ታዲያ የ4ኛው ፊት ለፊት ስንት ነው?» አልኳቸው።

«9።»

«በሰሌዳው ላይ የጻፍኩትስ ምን ነበር?»

ትንሽ ቆዩ። 13 - 4 ነበር። «አንተ ሌባ!» ብለው በጭራሮው እግሬን ቸብ አደረጉኝ።

ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ «ገበጣ የወንዶች ነው፣ የእኛስ?» አሉኝ። የእነርሱ ቅልብልቦሽ አለ። በእኛ ሰፈር በ5 ጠጠር ይጫወቱታል። አንዷ ወደ ላይ ስትወረወር ከመሬት 4 ይቀራሉ። እነርሱን አንድ አንድ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻ አራቱን ባንዴ ያፍሳሉ። 4 የሚከፈልባቸውን የተለያዩ መንገዶች በእጃቸው ያውቁታል ማለት ነው።

ገበጣ የእኛ ብቻ አይደለም። በጋና ኦዋሬ ይሉታል። በናይጄሪያ ዮሩባዎች አዮ፣ በኡጋንዳ ኦምዌሶ፣ በስዋሂሊ ተናጋሪዎች ጠረፍ ባኦ ይባላል። ሕጉ ይለያያል እንጂ ጠጠር በጉድጓድ መዝራቱ አንድ ነው። በአገራችን በየሐ፣ በኤርትራም በመጠራ የጥንት የገበጣ ጉድጓዶች መገኘታቸውን የታሪክ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያና ስለ አካባቢው ገበጣዎች ረጅም ጥናት አሳትመዋል። አንዳንድ ሰው «የሥራ ፈት ጨዋታ» የሚለውን ነገር እርሳቸው ቁም ነገር ብለው ጉድጓዱን እየቆጠሩ መዝግበውታል።

አሁን ወደ ጤፉ ልምጣ። እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ለእርሱ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌው አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ይዘው መጡ። አራት ጆንያ ጤፍ ለነጋዴ ሸጠዋል። ነጋዴው የየጆንያውን ክብደት ጽፎላቸዋል፦ 96 ኪሎ፣ 98 ኪሎ፣ 101 ኪሎ፣ 97 ኪሎ። ከሥሩ «ድምር 382» ይላል። የተከፈላቸው በ382 ነው። «እስቲ እየው» አሉኝ። እኔ ግን ወረቀቱን አልተቀበልኳቸውም። «ገበጣውን ያምጡት» አልኳቸው።

ሦስት ጉድጓድ ብቻ ወሰድን። የቀኙን የአንድ ቤት፣ የመካከሉን የአሥር ቤት፣ የግራውን የመቶ ቤት አልነው። በአንድ ቤት ያለች ጠጠር 1 ናት። በአሥር ቤት ያለች 10 ናት። በመቶ ቤት ያለች 100 ናት። ለ96 በአሥር ቤት 9፣ በአንድ ቤት 6 ጣሉ። ለ98 በአሥር ቤት 9፣ በአንድ ቤት 8። ለ101 በመቶ ቤት 1፣ በአንድ ቤት 1፤ በአሥር ቤት ምንም የለም። ይህች ባዶ ትንሽ አከራከረችን። «ዜሮ ማለት ጠጠር የማይጣልበት ማለት ነው» ስላቸው ገባቸው። ለ97 በአሥር ቤት 9፣ በአንድ ቤት 7። መጨረሻ ላይ የገበጣው 48 ጠጠር አልበቃ ብሎ ሁለት ባቄላ ጨመርን።

በአንድ ቤት 22 ተሰበሰበ። አሥር በሞላ ቁጥር አሥሩን አንሥቶ አንዲት ጠጠር ወደ ግራ ማሻገር ነው። 22 ውስጥ አሥር ሁለት ጊዜ አለ። ስለዚህ 2 ቀረ፣ 2 ወደ አሥር ቤት ተሻገረ። በአሥር ቤት 27 ነበር፣ 29 ሆነ። 9 ቀረ፣ 2 ወደ መቶ ቤት ተሻገረ። በመቶ ቤት 1 ነበር፣ 3 ሆነ። ከግራ ወደ ቀኝ ስናነበው 3፣ 9፣ 2። ይህም 392 ነው።

ሽማግሌው ወረቀቱን አዩ። 382። ገበጣውን አዩ። ጠጠሩን ሁሉ በትነው እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠሩ። አሁንም 392 መጣ። «10 ኪሎ» አሉ ቀስ ብለው። 10 ኪሎ ጤፍ የስንት ቀን እንጀራ እንደሆነ ባለቤታቸው ታውቃለች፤ እዚያው ቁጭ ብላ ነበርና እርሷው ነገረችን።

በወረቀት ላይ ስንደምርም የምናደርገው ይህንኑ ነው። «2 ጽፌ 2 በእጄ» ስንል፣ በእጃችን ያለው ወደ ግራ የተሻገረው ጠጠር ነው። ያን ምሽት ሽማግሌው ድምሩን በደብተራቸው በገዛ እጃቸው ጻፉ። በገበያ ቀን ደብተሩን ይዘው፣ ሁለት ጎረቤት አስከትለው ወደ ነጋዴው ሄዱ። ነጋዴው አንዴ ደመረ፣ ሁለተኛ ደመረ፣ «ተሳስቼ ነው» ብሎ የ10 ኪሎውን ዋጋ ከፈላቸው። ተሳስቶ ይሁን አስቦበት እኔ አልፈርድበትም። ግን እስከ ዛሬ ስንት ወረቀት ሳይደመር እሳት እንደ በላው ሳስብ ይቆጨኛል። ሽማግሌውም ያን ማታ የቆጫቸው ያው ነበር፤ «ያምናው፣ የካቻምናው» እያሉ በጣታቸው ሲቆጥሩ አመሹ።

መልመጃ። ጠጠር ይዛችሁ ከጎረቤታችሁ ጋር ሥሩት። በመጀመሪያ 48ቱን ጠጠር አራት አራት አድርጋችሁ ከ5ኛው ጉድጓድ ተነሡ፤ የት ታርፋላችሁ? ትበላላችሁ ወይስ አትበሉም? ከ3ኛው ብትነሡስ? ቀጥሎ የሦስት ጆንያ ማሽላ ክብደት 88፣ 95 እና 99 ኪሎ ነው እንበል። በሦስት ጉድጓድ ደምሩት፣ ከዚያ በደብተር ጻፉት። በመጨረሻም በቤታችሁ የተቀመጠ የሽያጭ ወረቀት ካለ ከሣጥን አውጡና ድምሩን በገበጣ ፈትሹት።