ጥቂት በየዕለቱ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች! ሁላችንም በመስከረም ብዙ ነገር እናቅዳለን። አዲስ ደብተር እንገዛለን፤ የጥናት ፕሮግራም አውጥተን ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን፤ ጸሎታችንን አናስታጉልም ብለን ለራሳችን ቃል እንገባለን። ጥቅምት ሲጋመስ ግን ደብተሩ አቧራ ይለብሳል፤ ወረቀቱም ከግድግዳው ይወድቃል። ይህ ለምን ይሆናል? ከራሳችን ስሕተት ተነሥተን ጥያቄውን ለመመለስ እንሞክራለን።

ከሁለት ዓመት በፊት አሥራ ሁለት ሆነን መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ለማንበብ ተስማማን። ችኩሎች ስለ ነበርን በቀን አምስት መዝሙር እያነበብን 150ውን በአንድ ወር እንፈጽማለን ብለን ተነሣን። የመጀመሪያው ሳምንት መልካም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ታመመ፤ ሌላዋን የቤት ሥራ ያዛት። ሁለት ቀን የቀረ ሰው አሥር መዝሙር ዕዳ ይጠብቀዋል፤ አራት ቀን የቀረ ደግሞ ሃያ። ወሩ ሲያልቅ አምስት ብቻ ቀረን። ካቋረጡት ሰባት መካከል አንዱን ወንድማችንን መንገድ ላይ አግኝተን ብንጠይቀው «እናንተ ርቃችሁ ሄዳችኋል፤ እኔ በምን ፊቴ እመለሳለሁ?» አለን። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለጥናቱ ብቻ ሳይሆን ለጉባኤም መምጣቱን ተወ። ወንድማችንን ከመካከላችን ያወጣው ስንፍና ሳይሆን ኀፍረት ነበር። ዕዳውን የጫንንበትም እኛው ነን።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ የማያውቅ በመካከላችን የለም። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባህ ብሎት ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ሸሽቶ ሲሄድ፥ ከዛፍ ሥር ዐረፍ ባለበት አንዲት ትል ፍሬ ለመብላት ግንዱን ስትወጣ፥ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትደርስ እንዳየ ይተረካል። ስለ ትሏ ጽናት ብዙ ጊዜ ተምረናል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያለውንም እናስተውል። ያሬድ ተነሥቶ የሄደው ወዴት ነው? ወደዚያው ወደ ሸሸው መምህር፥ ድክመቱን ወደሚያውቁት ሰዎች ነው። ትል ስትወድቅ አታፍርም፤ ሰው ግን ያፍራል። ስለዚህ የያሬድ መመለስ ትሏ ግንዱን ከመውጣቷ ይበልጥ የከበደ ነበር ብንል አንሳሳትም። ድጓው፥ ጾመ ድጓው፥ ምዕራፉ፥ ዝማሬውና መዋሥዕቱ፥ እንዲሁም ግእዝ፥ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ዜማዎች የደረሱን ያ ልጅ አፍሮ ስላልቀረ ነው። ምሳሌ 24፥16ም የጻድቅ ምልክቱ አለመውደቅ ሳይሆን መነሣት መሆኑን ያስተምረናል።

ይህን ከተረዳን በኋላ ያቋረጡትን በየቤታቸው እየሄድን «ዕዳ የለባችሁም፤ እንደ አዲስ እንጀምር» አልናቸው። አራቱ እሺ አሉ፤ ያ ወንድማችንም ከእነርሱ አንዱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መስከረም 1 ቀን ስንጀምር ሦስት ነገሮችን ወሰንን።

አንደኛ፥ የዕለቱ ድርሻ ደክሞን እንኳ የምንፈጽመው ያህል ትንሽ ይሁን። ስለዚህ በቀን አንድ መዝሙር ብቻ አደረግነው።

ሁለተኛ፥ በየቀኑ ከማይቀር ሌላ ሥራ ጋር ይያያዝ። እኛ ከራት በኋላ ገበታው እንደ ተነሣ ማንበብን መረጥን። «ሲመቸኝ አነባለሁ» ያለ ሰው ቀኑ ሳይመቸው ይመሻል።

ሦስተኛ፥ የተዘለለ ቀን ዕዳ አይሁን። የቀረ ሰው ሌሎቹ ካሉበት ይቀጥል፤ ያመለጠውን በኋላ ቀስ ብሎ ያንብበው። ሁለት ቀን በተከታታይ የቀረውን ግን በዚያው ቀን አንዳችን ሄደን እንጠይቀው።

ወራችን 30 ቀን ስለሆነ 150 መዝሙር በአምስት ወር፥ ጥር 30 ቀን ማለቅ ነበረበት። መዝሙር 118 ረጅም ስለሆነ ብቻውን ሦስት ቀን ወሰደብንና የካቲት 2 ቀን ፈጸምን። ዘጠኛችንም አብረን ነበርን። በአንድ ወር ያልሆነልን በአምስት ወር ሆነልን።

ከእኛ አንዷ እህታችን ይህንኑ ልማድ ወደ ቤቷ ወሰደችው። እናቷ ፊደል አልቆጠሩም ነበር። ፊደላችን 33 ተራ፥ እያንዳንዱም ሰባት ሆሄ ስላለው 231 ነው፤ ይህ በአንድ ጊዜ ሲያዩት ያስፈራል። እርሷ ግን ቡና እስኪፈላ ድረስ በቀን አንድ ተራ ብቻ ታስቈጥራቸው ጀመር። አንዳንዱ ተራ እየተደገመ ሁለት ወር ያህል ፈጀ። ዛሬ እናታችን አውቶቡሱ የሚሄድበትን ሰፈር ሰው ሳይጠይቁ ያነባሉ።

እንግዲህ ውድ ወጣቶች፥ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት ለጌጥ ብቻ አንጥቀሰው። ዛሬ ማታ እያንዳንዳችን የጀመርነውንና የተውነውን አንድ ነገር እናስብ፤ ከእርሱም ትንሹን ክፍል ከራት በፊት ወይም በኋላ እንሥራ። ከጥናት የቀረ ጓደኛ ያለንም እስከ እሑድ ሳንቆይ በሩን እናንኳኳ። ምናልባት የሚጠብቀው «ና፥ ዕዳ የለብህም» የሚለውን ቃል ብቻ ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።