ጭሱ መውጫ አለው ወይ? የእንጨት ምድጃ ያለው ቤት ከመግዛትዎና እሳቱን ከመለኮስዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ሜሪላንድ የገዛነው ቤት ሳሎኑ ውስጥ የጡብ ምድጃ ነበረው። ልባችንን የወሰደውም እሱ ነው። ቤቱን ያስጎበኘን ሰው ስለ ጣሪያውና ስለ ውኃ ማሞቂያው ሲያብራራ፣ እኛ በሐሳባችን በረዶ እየጣለ፣ እሳቱ እየነደደ፣ ዙሪያውን ተቀምጠን ቡና እንጠጣ ነበር።

መጀመሪያ ያነደድነው እናቴ ከደብረ ብርሃን በመጣችበት ታኅሣሥ ነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሳሎኑ በጭስ ታፈነ፤ ደወሉ ጮኸ፤ ልጆቹን አቅፈን በካልሲ በረዶው ላይ ወጣን። እናቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛ፣ «ሰው መላ፣ ጭስ መውጫ አያጣም ሲባል ነው የማውቀው። ይኼ ጭስ መውጫ ያጣበት ምን ዓይነት ቤት ነው?» አለችኝ።

ጥያቄዋን አልረሳሁትም። እሷ ያደገችበት የሣር ክዳን ቤት ይተነፍሳል፤ ጭሱ ዓይንና ሳንባ እየጎዳም ቢሆን በሣሩ መሐል ሾልኮ ይወጣል። እዚህ የምንኖርበት ቤት ግን ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ የታሸገ ነው። ጭሱ ያለው አንድ መውጫ ብቻ ነው፤ እሱ ከተዘጋ ተረቱ አይሠራም። ስለዚህ ምድጃ ያለው ቤት ዓይንዎ ከገባ ይህን ይጠይቁ፦ ጭሱ በየት ይወጣል? እሱ ሲወጣስ ምትኩ አየር በየት ይገባል?

ከዚያ በፊት ግን ምድጃው የእንጨት መሆኑን ያረጋግጡ። በብዙ አዳዲስ ታውንሃውሶችና ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ያለው በጋዝ ብቻ የሚሠራ ነው። ሲያዩት አይለይም፤ የሚነደው ግንድ እንኳን የሸክላ አምሳያ ነው። በዚህ ውስጥ እንጨት ማንደድ ቤቱን ማቃጠል ነው፤ ቱቦው የእንጨት እሳት ሙቀት እንዲችል አልተሠራም። ተከራይ ከሆኑ ደግሞ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ።

ቀጥሎ ምርመራ። ቤት ሲገዛ የሚመጣው መርማሪ ብዙውን ጊዜ ከሥር በባትሪ አይቶ ያልፋል። የጭስ ማውጫውን ውስጥ አላየውም ማለት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር መመሪያ ቁጥር 211 የጭስ ማውጫ በየዓመቱ እንዲታይ፣ ቤቱ ሲሸጥ ደግሞ ጠለቅ ያለው፣ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ምርመራ እንዲደረግ ይላል። ባለሙያው ካሜራ አስገብቶ ከታች እስከ ላይ ያየዋል። የሚፈልገው በተለይ በውስጠኛው የሸክላ ሽፋን ላይ ያለን ስንጥቅ ነው፤ በስንጥቁ የሚያልፍ ሙቀት ግድግዳው ውስጥ ያለውን እንጨት ቀስ በቀስ ያደርቀዋል፣ አንድ ቀንም ያቀጣጥለዋል። እኛ ይህን ያስደረግነው ከገዛን በኋላ፣ ከዚያ ከታኅሣሥ ምሽት በኋላ ነው። ዳምፐሩ፣ ማለትም የጭስ ማውጫው መዝጊያ ብረት፣ ዝጎ እስከ ግማሽ ብቻ ይከፈት ነበር። አናቱ ላይ ክዳን ስለሌለው ወፍ ጎጆዋን ሠርታበታለች። ከመፈረማችን በፊት ብናስመረምር ጥገናውን ሻጩ በቻለው ነበር።

ባለሙያው ሌላም ነገር ይለካል፦ ጥቀርሻ። አገር ቤት የማድቤት ጣሪያ ላይ የሚጋገረውን ጥቁር የሚያብረቀርቅ ነገር ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጭስ ሽቅብ ሲወጣ ከቀዘቀዘ ያላለቀ ነዳጁን ግድግዳው ላይ እየለጠፈ ይሄዳል። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ከደረሰ መጠረግ አለበት፤ አለበለዚያ አንድ ቀን ሊቀጣጠል ይችላል። የጥቀርሻ እሳት ሙቀቱ 1,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊደርስ ይችላል፤ ድምፁም ባቡር የሚያልፍ ይመስላል። ያን ድምፅ ከሰሙ ቤተሰቡን ይዘው ይውጡና 911 ይደውሉ።

አሁን ብዙዎቻችን ወደምንሳሳትበት እንምጣ። «የማሞቂያ ወጪ ይቀንስልኛል» ብለው ከሆነ ክፍት ምድጃ አይቀንስልዎትም። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ በደንብ የሚነድ እሳት በሰዓት እስከ 24,000 ኪዩቢክ ጫማ አየር ከቤት ስቦ ያስወጣል። ይህ ወደ 680 ሜትር ኩብ ነው፤ አራት በአራት የሆኑ አሥራ ሰባት ክፍሎች እንደሚይዙት ያህል። አየሩ ማሞቂያዎ በገንዘብ ያሞቀው ነው። በእሱ ፈንታ በየስንጥቁ ብርድ ይገባል። ምድጃው ፊት የተቀመጠ ሰው ፊቱ ሲግል፣ ጓዳ የተኛው ልጅ የሚበርደው ለዚህ ነው። እውነተኛ ሙቀት የሚፈልጉ ከሆነ ምድጃው ውስጥ የሚገጠም፣ የመስታወት በርና የራሱ ቱቦ ያለው ኢንሰርት የሚባል የብረት ሣጥን አለ። ከ2020 ወዲህ አዲስ የሚሸጠው በሰዓት ከ2.5 ግራም በላይ የጭስ ብናኝ እንዳይለቅ ሕግ ያስገድዳል። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ግን በየዓመቱ ለብዙ ቀናት ካነደዱ የማምነው እሱን ነው። በዓመት ሁለት ሦስቴ ለበዓል ከሆነ ክፍቱ ይበቃል።

እንጨቱን ከእናቴ ተማርኩ። ሻጩ «ደረቅ ነው» ብሎ ያራገፈልንን ክምር አየችው፣ ሁለት ፍልጥ አንሥታ አጋጨቻቸው። ድፍን ድምፅ ሰጡ። «ይኼ ገና ውኃ ነው» አለች። ደረቅ ፍልጥ ሲጋጭ ይጮኻል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ለመጠኑ ይቀላል። በርካሽ የሚገዛ የእርጥበት መለኪያም አለ፤ ከ20 በመቶ በታች ማሳየት አለበት። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ሲፈለጥ ቢያንስ ስድስት ወር፣ ኦክ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊፈልግ ይችላል። ስለዚህ ማገዶ የሚገዛው በጸደይ ነው። አንድ ኮርድ ሲሉዎት 128 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም 3.6 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ሲደረደር ይለኩት። ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ኮምፖንሳቶ፣ ፕላስቲክ እሳቱ ውስጥ አይግባ።

ከሰልም አይግባ። ይህን ለይቼ የምናገረው በእኛ ቤት ከሰል የቡናና የዕጣን ወዳጅ ስለሆነ ነው። አገር ቤት በብርድ ሌሊት በከሰል ጭስ ታፍነው ስለሞቱ ሰዎች ያልሰማ የለም። በታኅሣሥ 2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲያትል አካባቢ ማዕበል መብራት ባጠፋ ጊዜ፣ ቤት ውስጥ ከሰል ያነደዱ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙ ሰዎችም ሆስፒታል ገብተዋል፤ ከተጎዱት ብዙዎቹ ስደተኞች ነበሩ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ ራስ ምታትና እንቅልፍ ሆኖ ይመጣል። ፍሙን በምድጃው ጭስ ማውጫ ሥር ቢያስቀምጡትም ጭስ ማውጫውን የሚያሞቅና ጋዙን ሽቅብ የሚስብ ነበልባል የለውም። በየፎቁ፣ መኝታ ክፍሎች አጠገብ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል ሳይሰቅሉ ምድጃዎን አይለኩሱ።

አስም ያለበት ልጅ ካለዎትም ስለ ጭሱ ቆም ብለው ያስቡ። በዚሁ ጭስ ምክንያት እንደ ዴንቨርና ሲያትል ባሉ ከተሞች አየሩ በቆሸሸባቸው የብርድ ቀናት እንጨት ማንደድ ይከለከላል፤ የአካባቢዎን ማስታወቂያ ይዩ።

ይህን ሁሉ አይተው ለማንደድ ከወሰኑ፣ የምሽቱ ሥራ ጥቂት ነው። ዳምፐሩን ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ። የማድቤቱን አየር ማስወጫና የልብስ ማድረቂያውን ያጥፉ፤ እነሱ ጭሱን ወደ ቤት ይስቡታል። በምድጃው በኩል ያለውን መስኮት ጣት በሚያሾልክ ልክ ገርበብ ያድርጉ። ከዚያ ጋዜጣ ጠቅልለው ይለኩሱና ከዳምፐሩ ሥር ይያዙት፤ የቀዘቀዘው አየር ይሞቅና ጭሱ ሽቅብ ይሳባል። ወደ እርስዎ ከተመለሰ አያንድዱ። ግንዱን ከሥር፣ ጭራሮውን ከላይ አድርገው ከላይ ይለኩሱት፤ ጭሱ በነበልባሉ ሲያልፍ ይቃጠላል። እሳቱ ትንሽና ብርቱ ይሁን፤ የታፈነ ትልቅ እሳት ጥቀርሻ ነው። መከለያ መረቡ አይነሣ፤ መጋረጃም ነጠላም ምንጣፍም አንድ ሜትር ይራቅ።

ሲተኙ ዳምፐሩን አይዝጉት። ብርዱ ቢያስመርርም አመዱ እስኪበርድ ክፍት ይደር፤ ያንቀላፋ የሚመስለው ረመጥ ጋዙን እየለቀቀ ነው። አመዱም ራሱ ሦስት አራት ቀን ፍም ሊደብቅ ይችላል። በወረቀት ከረጢት ጠርጎ ጋራዥ ያስቀመጠ ሰው ቤቱን ያጣው በዚህ ነው። እኛ ክዳን ያለው የብረት ባልዲ አለን፤ ከቤቱ ሦስት ሜትር ርቆ፣ ከእንጨት በረንዳውም ወዲያ፣ መሬቱ ላይ ይቀመጣል። እናቴ ወደ አገሯ ከመመለሷ በፊት በነበረው ጠዋት እጇን ባልዲው ላይ አድርጋ፣ «ሁለተኛ ቀኑ አይደል? ገና ይሞቃል» አለችኝና ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።