የኮምፒውተር ሰዓት ባትሪ ሲሞትና የመዝገብ ቀን ሲዛባ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያሉ አጥቢያዎች የጥምቀት፣ የጋብቻና የገቢ መዝገባቸውን በአሮጌ ኮምፒውተር የሚይዙ ከሆነ፣ መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመታት ወደ ኋላ ሲመለስ የሰዓቱ ባትሪ መሞቱን ይጠርጥሩ። ባትሪው መሣሪያው ከኤሌክትሪክ ሲለይ ሰዓቱን የሚያስኬድ ነው። ቀኑ የተሳሳተ የምስክር ወረቀት ምእመኑን ለእንግልት ይዳርጋል።

አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ሳንቲም የሚመስል፣ 3 ቮልት የሆነ፣ ሲ.አር. 2032 የተባለው ነው። ለመቀየር፦

1. ኮምፒውተሩን ዘግታችሁ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ።
2. ክዳኑን ክፈቱ፤ ማዘርቦርዱን ከመንካታችሁ በፊት የሳጥኑን ብረት ንኩ።
3. መያዣውን በቀስታ ገፍታችሁ አሮጌውን አውጡ፤ አዲሱን የመደመር ምልክቱ በአሮጌው አኳኋን እንዲሆን አድርጋችሁ አስገቡ።
4. ባዮስ በተባለው ገጽ ቀኑን አስተካክሉ።

ገጹ የሚቀበለው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ነው። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚያ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ስለሆነ፣ የእኛን ዓመት የሚጽፍ መዝገቡን በ7 ወይም በ8 ዓመት ያዛባል።

ባትሪው በብየዳ የተያያዘ ከሆነ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ለባለሙያ ይሰጥ። አሮጌው ባትሪ ከሕፃናት ይራቅ፤ ሕፃን ቢውጠው በሰዓታት ውስጥ ጉሮሮን ስለሚያቃጥል ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

በመጨረሻም ሰዓቱ በተዛባበት ጊዜ የተመዘገበው ሁሉ በእጅ ከተጻፈው መዝገብ ጋር ይመሳከር። ባትሪው ቢቀየርም አስቀድሞ የተመዘገበው ስሕተት በራሱ አይታረምምና።